«አጥፍተው ያብሩት»፦ ከአንድ ራውተር ጋር 14 ወር

ይህን ግምገማ የምጽፈው ከሰባት የእርዳታ ጥሪ፣ ከሁለት ራውተርና ከአንድ የ40 ደቂቃ ቪዲዮ በኋላ ነው። ቪዲዮው ላይ ሰው የለም። የራውተር መብራት ብቻ ነው የሚታየው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ማታ ማታ ለተማሪዎች በኢንተርኔት ሒሳብ አስጠናለሁ። መማሪያ ክፍሌ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክራፎንና የምጽፍበት ታብሌት ነው። ስድስት ልጆች ስክሪኑ ላይ በየሳጥናቸው ተደርድረው ይጠብቁኛል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአንዲት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ፣ በራውተሯ፣ ውስጥ ነው። እሷ ከቆመች እኔም እቆማለሁ። የምቆመውም እንዲያው በወግ አይደለም፤ አፌ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኔ ግማሽ እንደተጨፈነ ነው። ልጆቹ ያንን ፊቴን ፎቶ እያነሱ ሲቀባበሉት እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

የኩባንያውን ስም አልጠራም። ያየሁትን ሁሉ ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

ከካርቶኑ ልጀምር። ላዩ ላይ በትልቁ 1200 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ከጎኑ «ሜጋቢት በሰከንድ» ይላል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በዓይን የማይሞላ ፊደል «እስከ» የምትል ቃል አለች። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አያደክምም። ራውተሩ ሁለት ሬዲዮ፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጩ ሁለት ክፍሎች፣ አለው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው እስከ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው እስከ 867 ይደርሳል። ደምሩት፤ 1167። አጠጋጉት፤ 1200። ችግሩ ስልካችሁም ሆነ ላፕቶፓችሁ በአንድ ጊዜ ከአንዱ ጋር ብቻ ነው የሚገናኘው። ስለዚህ 1200ን ቤት ውስጥ ያለ አንድም ዕቃ አያያትም። የግራ እግሬ ጫማ 39 ነው፣ የቀኙም 39 ነው፤ እንግዲህ እኔ 78 ቁጥር ነኝ እንደማለት ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ድምሩ ልክ መሆኑን እመሰክራለሁ። ስህተቱ መደመሩ ላይ ነው።

ይባስ ብሎ ከኋላ ያሉት የኬብል መሰኪያዎች ፍጥነታቸው 100 ሜጋቢት ነው። ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔት የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። በር ጠባብ፣ ሳሎኑ ሰፊ። ይህ በካርቶኑ ጀርባ በሠንጠረዥ ውስጥ ተጽፏል፤ አላነበብኩትም። ራውተር የምትገዙ ከሆነ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ተዉትና መሰኪያው 1000 ነው ወይስ 100 የሚለውን ፈልጉ። የእኔ መስመር ከ100 በታች ስለሆነ አልጎዳኝም። ግን ማወቅ ነበረብኝ።

ለማስተካከል ደግሞ አፕ አውርዱ ይላል። አፑ አካውንት ክፈቱ ይላል። አካውንቱ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ቢኖረኝማ ምን አደከመኝ! በኋላ እንደተረዳሁት አፑን መርሳት ይቻላል። ላፕቶፑን በኬብል አገናኝቶ ብራውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ፣ የእኔው 192.168.0.1 ነው፣ መጻፍ ይበቃል። አድራሻውም የመግቢያ ፓስወርዱም ከሆዱ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ሰላም ነበሩ። ራውተር እንዳለኝም ረስቼው ነበር። ጥሩ ራውተር ማለት እንግዲህ እሱ ነው፤ የሚረሳ።

በስድስተኛው ወር፣ አንድ ማታ፣ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል እያስተማርኩ ነበር። ሁለተኛው ክፍልፋይ ለምን ይገለበጣል? ይህችን ጥያቄ እወዳታለሁ። አብዛኛው ሰው ገልብጥ ስለተባለ ብቻ ገልብጦ ነው ያደገው። ልጆቹን አንጠልጥዬ፣ አንጠልጥዬ፣ «እንግዲህ ምክንያቱ…» ስል ሁሉም ሳጥኖች ደረቁ። ክቧ መሽከርከር ጀመረች። ሁለት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ተመለሰ። «ቲቸር፣ ጠፍተው ነበር» አሉኝ። እንደገና ጀመርኩ። «ምክንያቱ…» ስል እንደገና ጠፋ። ልጆቹ ምክንያቱን የሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ቀን ቀን ምንም አይልም። ማታ፣ ልክ ክፍል ስጀምር፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አንዳንዴም አራቴ ይጠፋል። ከስድስቱ አንዱ ልጅ፣ የቤት ሥራ ስጠይቅ ሁልጊዜ ካሜራው የሚበላሽበት፣ «ቲቸር አይዞዎት፣ ኔትወርክ ነው» ብሎ ያጽናናኝ ጀመር። ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ሰው ከመውቀሴ በፊት የራሴን ሥራ ሠራሁ። ችግሩ የቤቴ ዋይፋይ ነው ወይስ ከውጭ የሚመጣው መስመር? ይህን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ላፕቶፕ ላይ ሁለት ጥቁር መስኮት ከፍቶ ሁለት ፒንግ ማስኬድ ነው። አንዱ ራውተሩን ራሱን በየሰከንዱ «አለህ?» ይለዋል። ሌላው ደግሞ ሩቅ ያለ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይጠይቃል። ውጭው ቢቆም፣ ራውተሩ ግን መልስ ቢሰጥ፣ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ሁለቱም አብረው ቢቆሙ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። የእኔዎቹ ሁለቱም አብረው ቆሙ። አምስት ማታ አየሁ፤ አምስቱንም ማታ አብረው ቆሙ። ይህን በወረቀት ሰዓቱን ጭምር መዝግቤ ወደ ድጋፍ ሰጪዎቹ ደወልኩ። ማስረጃ ይዤ የሄድኩ መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ጥሪ 47 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። አጭር ዜማ ናት። ልታልቅ ስትል ተመልሳ ትጀምራለች። በየመሃሉ አንዲት ሴት «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» ትላለች። በመጨረሻ አንድ ወጣት አነሳ።

«እንደምን አመሹ እመቤት፣ ምን ልርዳዎት?»

ስለ ሁለቱ ፒንግ፣ ስለ አምስቱ ማታ ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ «መሣሪያውን አጥፍተው ያብሩት» አለኝ።

ልጁን አልወቅሰውም፤ ምክሩም የንቀት ምክር አይደለም። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ይሠራል፣ ማስታወሻው ይጨናነቃል፣ ፕሮግራሙም ይሳሳታል። ሲጠፋ ሁሉም ይጠረግና በንጹሕ ይጀምራል። «30 ሰከንድ ይጠብቁ» የሚሉትም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኃይል የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ዕቃዎች፣ የያዙትን እስኪያራግፉ ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል። የሚያናድደኝ ግን ሲሠራ ለምን እንደሠራ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። እኔም አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ደህና ሆነ። በኋላ እንደገባኝ ደህና የሆነው ክፍሌ አልቆ የቤቱ ሰው ሁሉ ሊተኛ ስለሄደ ነበር።

በሁለተኛው ጥሪ ቻናል፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚተላለፍበትን የሬዲዮ መስመር፣ ቀይሪ ተባልኩ። ይህኛው ፍሬ ነበረው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ 11 ወይም 13 ቻናል ታያላችሁ፤ እንደየአገሩ ደንብ ይለያያል። ግን አንዱ ቻናል ከሌላው በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ይራራቃል፤ የእያንዳንዱ ስፋት ደግሞ 20 ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ይደራረባሉ። ሳይነካኩ የሚቀመጡት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። የእኔ ራውተር በራሱ ፈቃድ 3 ላይ ተቀምጦ ነበር። 1 ላይ ያሉትንም፣ 6 ላይ ያሉትንም ጎረቤቶች እየረበሸ፣ እየተረበሸ። ወደ 11 ወሰድኩት። ገጾች ቶሎ መከፈት ጀመሩ። እግረ መንገዴን ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ አውጥቼ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ማይክሮዌቭም እዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ ከአጠገቡ አራቅኩት። የሁለቱን ሬዲዮ ስምም ለየሁ፤ ስልኬ ከራውተሩ አጠገብ ሆኖም ፈጣኑን 5 ጊጋኸርዝ ትቶ ዘገምተኛውን 2.4 ሙጭጭ ይል ነበርና። እነዚህን ሁሉ ማድረግ ነበረብኝ። ጥፋቴን አልክድም።

ማታ ግን እንደ ልማዱ ጠፋ። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ።

ሦስተኛው ጥሪ የቁጣዬ ምንጭ ነው። «በመርፌ ሪሴት ያድርጉት» አሉኝ። ከኋላ አንዲት ቀዳዳ አለች። ቀጭን ነገር ከትቶ 10 ሰከንድ መጫን ነው። ዕቃው ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ማለትም ስሙም፣ ፓስወርዱም፣ ቻናሉም ይጠፋል። ማንም «መጀመሪያ ሴቲንጉን ፋይል አድርገው ያስቀምጡ» አላለኝም፤ እሱ የሚሠራበት ቁልፍ እዚያው ገጽ ላይ እንዳለ ያወቅሁት ከረፈደ ነው። በቤቱ ውስጥ ፓስወርድ የሚፈልጉ 11 ዕቃዎች አሉ። አሥሩን እንደምንም ጨረስኩ። 11ኛው ፕሪንተሩ ነው።

ፕሪንተሩ ኪቦርድ የለውም። ትንሽ ስክሪንና አራት ቀስት አለው። «ሀ»ን ለማግኘት ተጓዝ እንደማለት፣ አንዷን ፊደል ለመምረጥ በቀስት ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ እሺ። ትልቁና ትንሹ ፊደል በተለያየ ገጽ ነው። ቁጥር ደግሞ ሌላ ገጽ። የእኔ ፓስወርድ 14 ፊደል ነው፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ምልክትም ከትቼበታለሁ። 12ኛው ላይ ስደርስ አንዴ አለፍኩት። ለመመለስ የግራ ቀስት ስጫን ከነጭራሹ ወጣ። ባለቤቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ፊቴን አይቶ ምንም ሳይል ተመለሰ። ብልህ ሰው ነው።

በአራተኛው ጊዜ የሚያናግረኝ ሮቦት ነበር። በጽሑፍ። «ችግርዎን በአጭሩ ይግለጹ» አለኝ። ገለጽኩ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። ከሚከተሉት ይምረጡ» አለ። ከሰባት ምርጫ አንዱም የእኔ አልነበረም። «ሰው» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቴ «ሰው» ካልኩ በኋላ ሰው መጣ።

ለዚህ ሰው ያሳየሁት አንድ ነገር ነበር። ራውተሩ የራሱን ውሎ የሚመዘግብበት ሎግ የሚባል ገጽ አለው። ማታ ከጠፋ በኋላ ስከፍተው ሁልጊዜ አጭር ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ የለም። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ያለው ቀን ደግሞ በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው። እኔ ሳልወለድ! ይህን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መልሱን አስቀምጬዋለሁ፦ «የሰዓት ማስተካከያ ውስጥ ገብተው የሚኖሩበትን የሰዓት ክልል ይምረጡ።»

መረጥኩ። በነጋታውም 1970 ነበር።

የችግሩ መፍቻ እዚያች ቀን ላይ ተጽፎ ነበር። እኔም አላየሁትም፣ እሱም አላየውም። ልዩነቱ እሱ ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል።

አምስተኛው ጥሪ ኳስ ቅብብል ነበር። ራውተሩን የሠሩት «መስመርዎ ነው» አሉኝ። መስመሩን የሚያቀርቡት «ራውተርዎ ነው» አሉኝ። የመስመሩ ቴክኒሽያን ግን ቤት ድረስ መጣ፤ ለካና «ንጹሕ ነው እህቴ» ብሎኝ ሄደ። ያንን ይዤ ተመልሼ ደወልኩ። «በእኛ በኩል ሁሉም አረንጓዴ ነው የሚያሳየው» አሉ። የሚያዩት ቀን ነዋ! ቀን ላይ ለእኔም አረንጓዴ ነው።

በስድስተኛው ጥሪ እንግዲህ ተሸነፉና ዕቃውን እንቀይርልሽ አሉ። ዋስትናው ገና አላለቀም። ደስ አለኝ። አሁን የምነግራችሁን መመሪያ ልብ በሉልኝ። «መሣሪያውን ብቻ ይላኩ። አንቴና፣ ኬብልና የኃይል አዳፕተሩን እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ። ምትኩም ያለ ተጨማሪ ዕቃዎች ይላካል።» እንዳሉኝ አደረግሁ። ከ12 ቀን በኋላ ምትኩ መጣ። ጎኑ ላይ ጭረት አለው፤ ታድሶ የመጣ የሌላ ሰው ዕቃ ነው። ይሁን። የድሮውን አዳፕተር ሰካሁበት። ፕሪንተሩን እንደገና አስገባሁ። ስለዚህ መናገር አልፈልግም።

ማታ ክፍል ጀመርኩ። 20 ደቂቃ ሄደ። እሰይ ልል ስል ጠፋ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንዳለቀስኩ ብደብቅ ግምገማው ሐቀኛ አይሆንም።

ሰባተኛው ጥሪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከበድ ያለውን ችግር ወደሚያዩት ሰዎች፣ ተላለፈ። በድምፁ ጎልማሳ የሚመስል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሠላምታ ሰጠኝና የቀድሞዎቹን ስድስት ጥሪዎች ማስታወሻ እያነበበ ቆየ። ዝም ብሎ። ወረቀት ሲገለበጥ የሰማሁ ሁሉ መሰለኝ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ሲጠፋ ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

«ሁለት ደቂቃ ገደማ።»

«አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ አሥር ሰከንድ ይሆናል?»

«የለም። ሁልጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«መብራቱን አይተው ያውቃሉ? ሲጠፋ የዋይፋዩ መብራት ብቻ ነው የሚጠፋው ወይስ ሁሉም?»

አላየሁም። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ የማስተምረው መኝታ ቤት ነው። ሲጠፋ ወደ ሳሎን አልሮጥም፤ ላፕቶፑ ላይ አፈጣለሁ።

«እንግዲያው ይዩልኝ» አለኝ። «እኔ ነገ በዚሁ ሰዓት ራሴ እደውላለሁ።»

ደግሞም ደወለ። በ14 ወር ውስጥ ከዚያ ወገን ወደ እኔ የመጣ ብቸኛው ስልክ ነው።

በዚያ ማታ የባለቤቴን ስልክ ከራውተሩ ፊት አቁሜ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ተውኩትና ክፍል ገባሁ። ልጄ ሳሎን ፊልም ያያል። እናቴ ከእህቴ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። ክፍሉ ሲያልቅ ቪዲዮውን ከፈትኩ። አምስት አረንጓዴ ነጥቦች፣ ከኋላቸው ግድግዳ፣ የእናቴ ሳቅ። 23ኛው ደቂቃ ላይ አምስቱም በአንድ ጊዜ ጨለሙ። እንደ እፍ የተባለ ሻማ። ለአንድ አፍታ ምንም የለም። ቀጥሎ የግራዋ፣ የኃይሏ መብራት በራች። ከዚያ ሁለተኛዋ ብልጭ ብልጭ። ከዚያ ሦስተኛዋ። መጨረሻ ላይ የዋይፋዩ። ሰዓቱን ቆጠርኩ፤ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። ከጀርባ የእናቴ ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

ዋይፋዩ አልነበረም የሚቋረጠው። ራውተሩ ራሱ ነበር የሚሞተውና የሚነሳው። 1970ም ትርጉሙ እሱ ነው። ይህ ዓይነቱ ራውተር ሰዓት የሚያስታውስበት ባትሪ የለውም። ኃይል ሲቋረጥበት ቀኑን ይረሳል። ሲነሳ ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜ መቁጠር ከሚጀምሩባት ቀን፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይነሳል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው ትክክለኛውን ጠይቆ የሚያስተካክለው። ሎጉም ከማስታወሻው ጋር ስለሚጠረግ ነው አጭር የሚሆነው። እንግዲህ በየማታው ራውተሩ «አሁን ከሞት ተነሳሁ» ብሎ ይጽፍ ነበር። እኛ ደግሞ የሰዓት ክልል እንመርጥለት ነበር።

ሰውየው በነጋታው ሲደውል «ሁሉም አብረው ነው የጠፉት» አልኩት። ወዲያው «አዳፕተሩን ቀይረውታል?» አለኝ። አስቀሩ ስለተባልኩ ማስቀረቴን ነገርኩት። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «አዎ… እንዲያ ነው አሠራራችን» አለ።

ታናሽ ወንድሜ ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል። ቅዳሜ ቴስተሩን ይዞ መጣ። አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ይላል። ነቅሎ ለካው፤ 12.1። «ምንም የለበትም እኮ እታለም» አለኝ። ተስፋ ልቆርጥ ስል እሱ ራሱ «ቆይ፣ ሥራ ላይ ሆኖ ነው መለካት ያለበት» አለ። አንድ የተረፈ ገመድ ቆርጦ፣ ልጦ በመሃል አስገባና ራውተሩ እየሠራ እንዲለካ አደረገው። 11.5። እኛ ፊልም ከፈትን፣ እናቴ ደወለች፣ እኔ ክፍሌን ከፈትኩ። 11። 10.6። ልጄ ደግሞ በስልኩ ፋይል ማውረድ ጀመረ። ቁጥሩ ሲንገዳገድ አየሁት፤ 10፣ 9 ነገር፣ ከዚያ አምስቱም መብራት ጠፋ። ቁጥሩ ተመልሶ 12 ላይ ወጣ። ሸክሙ ሲወርድለት ነዋ።

ሬዲዮው ብዙ ሲያወራ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ያረጀ አዳፕተር ቀን ቀን ትንሹን ጭነት ይሸከማል። ማታ ቤቱ ሲሞላ ይንበረከካል። ያረጀውም በእኔ እጅ ጭምር ነው፤ ከአራት ሌሎች ቻርጀሮች ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ፣ አየር በማያገኝ ቦታ ተጠቅጥቆ ነበር። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀት ጠላታቸው ነው። በየ10 ዲግሪ ጭማሪው ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል የሚል የባለሙያዎች ስሌት አለ። ወንድሜ በኋላ አዳፕተሩን ሰብሮ አሳየኝ። ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት የአንዱ ካፓሲተር ራስ እንደ ቆብ አብጧል። እናንተ እንዳትሞክሩት፤ ከሶኬት ተነቅሎም የሚያስደነግጥ ኃይል ሊይዝ ይችላል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ራውተሩን ስንት ወር ስረግመው ኖርኩ።

ምትክ አዳፕተር የምትፈልጉ ከሆነ ሦስት ነገር እዩ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ 12 ከሆነ 12። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ያነሰ ግን በፍጹም። ሦስተኛው ጫፉ ነው፤ ውፍረቱ ልክ መሆኑን፣ ደግሞ ላዩ ላይ በተሳለችው የክብ ምልክት መሃሉ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ አስተያዩ። የእኔው መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ወንድሜ ከዕቃዎቹ መካከል 12 ቮልት፣ 2 አምፔር ያለው አገኘልኝ። ኩባንያውም ከዘጠኝ ቀን በኋላ አዲስ ላከልኝ፤ 1.5 አምፔር ነው። ከድሮው ከፍ ማድረጋቸውን አስተውሉ። ስለዚህ ያውቃሉ ማለት ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁ፣ ራውተሩ ከአምስት ሦስት ተኩል። ለአንድ መካከለኛ ቤት፣ ከ100 ሜጋቢት በታች ለሆነ መስመር ይበቃል። 5 ጊጋኸርዙ ሁለት ግድግዳ ካለፈ ይደክማል፤ የማንም ይደክማል። አፑ ዜሮ። አዳፕተሩ አንድ፣ እሱም አምስት ወር ስለቆየ። ድጋፍ ሰጪዎቹን በጅምላ መመዘን ይከብደኛል። ስድስቱ ጨዋዎች ናቸው፣ አንዱም አልጮኸብኝም። ግን ፊታቸው የተቀመጠውን ወረቀት ነው የሚያነቡት፤ የእኔ መልስ ወረቀቱ ላይ ከሌለ አልተናገርኩም ማለት ነው። ሁለት። ሰባተኛው ሰውዬ አምስት ከአምስት፤ የቀድሞ ማስታወሻ ስላነበበ ብቻ። አዳፕተሩን አስቀሪ ያለውን መመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም። እሱን ከፕሪንተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብዘጋበት ደስ ይለኛል።

አዲሱ አዳፕተር ከገባ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። አንድም ማታ አልጠፋም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ክፍሉ 40 ደቂቃ ሳይቋረጥ ሄደ። «እሺ፣ የቤት ሥራ እንይ» አልኩ። ካሜራው የሚበላሽበት ልጅ ዝም አለ። ስክሪኑን ትንሽ አየ፣ እኔን አየ።

«ቲቸር» አለኝ፣ «ዛሬ አይጠፉም እንዴ?»